ሃያ አንደኛው ምስል

ሰኞ 3፣ ከሥራ መልስ

ዛሬ ተጨበጨበልኝ። በስብሰባው መሃል ሥራ አስኪያጇ ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ «ይቺ ልጅ ባትኖር ኖሮ አዲሱ የራጅ ማሽን እስካሁን ካርቶኑ ውስጥ ነበር» አለች። እውነቷን ነው። የሆስፒታሉ ሰርቨር ጢም ብሎ ስለሞላ አዲሱ ማሽን ፎቶ የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም። ከዓመት በላይ የቆዩትን አርባ አንድ ሺህ የደረት ራጆች እኔ በጻፍኩት ፕሮግራም ጨመቅናቸው። ዋናዎቹ ባለፈው ዓርብ ተሰረዙ። ቦታው ተለቀቀ።

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም ፈገግ አልኩ። ምሳዬን ግን መብላት አቃተኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ቤት ስገባ ለአባባ ነገርኩት። አባባ ዕድሜ ልኩን የእጅ ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጆሮው ደከም ስላለ ሁሉም ነገር ጮክ ተብሎ ሁለቴ ይነገረዋል።

«ፎቶ እንዴት ነው የሚጨመቀው?» አለኝ።

«ፎቶ ማለት የቁጥር ሰንጠረዥ ነው አባባ። እያንዳንዷ ነጥብ ምን ያህል እንደጠቆረች የሚናገር ቁጥር አላት። ለመጨመቅ ሁለት መንገድ አለ። በአንደኛው፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር እያልኩ ሁለት መቶ ጊዜ ከምጽፍ ‹ሁለት መቶ ጥቁር› ብዬ አሳጥራለሁ። ሲፈታ አንዲት ነጥብ አትጎድልም። ግን ብዙም አያሳንሰውም። በሁለተኛው፣ ፎቶውን በትንንሽ ካሬ እከፋፍልና በየካሬው ትልልቁን ልዩነት እይዛለሁ፣ ትንንሹን ዜሮ አድርጌ እጥላለሁ። ሲከፈት ኮምፒውተሩ የጎደለውን ከጎረቤቱ እየገመተ ይሞላዋል።»

«ትንሽ የሚባለው እስከ ስንት ነው?»

«እሱን የምወስነው እኔ ነኝ። ሠላሳ ብያለሁ። ከሠላሳ በታች የሆነ ይጣላል።»

አባባ ሳቀ። «ብርቱካኑን ከጨመቅሽ በኋላ ጭማቂውን መልሰሽ ብርቱካን ታደርጊዋለሽ በይኛ! እኔ ሱቅ ‹ትንሽ ነው› ብዬ ብሎን ብጥል ኖሮ ደንበኞቼ በዱላ ነበር የሚያባርሩኝ።»

እኔም አብሬው ሳቅሁ።


ረቡዕ 5፣ ምሳ ሰዓት

ኮሪደር ላይ የሰማሁት ነው። የሳንባ ሐኪሟ ከራጅ አንሺው ጋር ታወራለች። ራጅ አንሺውን ሁላችንም «አትተንፍስ» ነው የምንለው፤ ቀኑን ሙሉ ሰዉን «ሳቡ… አትተንፍሱ!» ሲል ስለሚውል። ራሱም ስልክ ሲያነሳ «አትተንፍስ ነኝ» ይላል።

«የአውቶቡስ ሹፌሩን አየኸው?» አለችው። «የዛሬ ሁለት ዓመት ለመንጃ ፈቃድ የተነሳው ንጹሕ ነው። አሁን ቀኝ ሳንባው ላይ ዘጠኝ ሚሊሜትር ነገር አለ። ከምንም ተነስቶ በሁለት ዓመት እዚህ ከደረሰ ጥሩ አይደለም። ሳንባውን በደንብ የሚያሳየው ሲቲ ስካን እስኪጠገን ልጠብቅ ብል ደግሞ ሦስት ወር ነው። በ24 ደረቱ ይከፈት።»

ያ የዛሬ ሁለት ዓመት ፎቶ ከአርባ አንድ ሺዎቹ አንዱ ነው።

እየጠሩኝ ነው። ልሂድ።


ሐሙስ 6፣ ቢሮ

የሹፌሩን የድሮ ራጅ ከፈትኩት። ንጹሕ ነው። ሳንባው ገና እንደተለሰነ ግድግዳ ልስልስ ብሏል። ከመጠን በላይ ልስልስ ብሏል። ሲያጎሉት የካሬዎቹ ጠርዝ እንደ ወለል ንጣፍ ይታያል፤ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች መንገድ ላይ ድርግም ብለው ይቀራሉ።

ንጹሕ ከሆነ ንጹሕ ነው። ምናልባት ያኔ በእርግጥም ምንም አልነበረበት ይሆናል።

ደግሞስ ሐኪሞቹ ራሳቸው አይተው ፈርመውበት የለ? ሃያ ፎቶ ከመጨመቁ በፊትና በኋላ ጎን ለጎን አድርጌ አሳይቻቸዋለሁ። «ልዩነት የለውም» ብለዋል። ፊርማቸው መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ዛሬ ሦስት ጊዜ አውጥቼ አየሁት።


ዓርብ 7፣ አውቶቡስ ላይ፣ እየተንገጫገጨ

የሹፌሩን አዲሱን ራጅ ወሰድኩ። ነቁጡ ፈዘዝ ያለ ነው፣ ግን አለ። በፕሮግራሜ ጨመቅኩት። መልሼ ከፈትኩት።

የለም።

በአስር ሞከርኩ። አለ። በሃያ ሞከርኩ። እንደ ጭጋግ አለ። በሠላሳ የለም።

በሃያ ቢጨመቅ ቦታው አይበቃም ነበር። አይበቃም ነበር እኮ።


ቅዳሜ 8፣ ቤት

ቀኑን ሙሉ ከድሮው ፎቶ ላይ ነቁጡን መልሼ ላወጣ ስታገል ዋልኩ። ልዩነቱን አጎላሁ፣ ጠርዙን አሾልኩ፣ የተጣሉትን ቁጥሮች ከአካባቢያቸው ለማስላት ሞከርኩ። ወደ ቀትር ላይ፣ ሐኪሟ ያለችው ቦታ ላይ ቁልጭ ያለ ነቁጥ ብቅ አለልኝ። ከወንበሬ ዘለልኩ።

ከዚያ ያንኑ ሥራ ግራ ሳንባው ላይ ሞከርኩት። እዚያም ነቁጥ ወጣ። ሥራ ስቀጠር የተነሳሁትን የራሴን ራጅ አምጥቼ ሞከርኩ። ሦስት ወጣልኝ።

እያወጣሁት አልነበረም፣ እየፈጠርኩት ነበር። የተጣለው ቁጥር አንዴ ዜሮ ሆኗል፤ ዜሮ ደግሞ ምን እንደነበረ አይናገርም።

አባባ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆይቷል። «ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም» አልኩት።

«እንግዲያው ምሳ ብዪ።»


ሰኞ 10

ለአትተንፍስ ነገርኩት። በሽተኛ ባልነበረበት ሰዓት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ሁሉንም ባይሆን እንኳ የሹፌሩን ነገር።

«ለማን ለማን ነገርሽ?»

«ላንተ ብቻ።»

«በይ ከኔ አይለፍ።» ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ያኔ የተጻፈ የሐኪም ሪፖርት የለም ወይ?»

«ለመንጃ ፈቃድ የተነሳ ነው። ‹ብቁ› ከሚል ማኅተም በቀር ምንም የለበትም።»

«ልክ ነሽ፤ ከበሽተኛው ጋር ተደምሮ በቀን ሁለት መቶ ሰው ነበር የሚሰለፈው። ማን በደንብ ያየዋል? ማኅተም፣ ቀጣይ! ማኅተም፣ ቀጣይ!» ከዚያ ጣቱን አጮኸ። «ሲዲ እኮ እንሰጣቸው ነበር! ሰውዬው ካልጣለው ዋናው ፎቶ እሱ ላይ አለ።»


ማክሰኞ 11

ሥራ አስኪያጇ ጋ ገባሁ። ልነግራት ነበር የገባሁት። «የዋናዎቹ ቅጂ የሆነ ቦታ ቀርቶ ይሆን?» ብዬ ጀመርኩ።

ከወረቀቷ ቀና አለች። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ‹ቅጂ ከቀረ ምኑን ቦታ ተለቀቀ› ያልሽኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ተፈጠረ?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

«ሐኪሞቹ ሃያውን ፎቶ አይተው ፈርመዋል። አንቺም እንቅልፍሽን ተኚ።»

አመስግኜ ወጣሁ። አመስግኜ! ሃያዎቹን የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ፈሪ።


ረቡዕ 12

ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። የሹፌሩን አድራሻ ከመዝገብ ገልብጬ ነበር፤ ከአውቶቡሶቹ ማደሪያ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር። የከፈተችልኝ ባለቤቱ ናት። እጇ አፈር ነክቶታል፤ ከጓሮ ሥራዋ ነው ያስነሳኋት። ከሆስፒታሉ ነኝ ስላት በዚያው እጇ ደረቷን ያዘች።

«ምን ተገኘ ደግሞ?»

«ምንም አልተገኘም እትዬ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለመንጃ ፈቃድ ሲነሱ የተሰጣቸው ሲዲ ካለ ብዬ ነው። ለማህደር።»

ለማህደር አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ሹፌሩ ድምፃችንን ሰምቶ ወጣ። በሩን የሚሞላ ትልቅ ሰው ነው። «ግቢ እንጂ ልጄ፣ በር ላይ ምን ያቆምሻል?» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ያን ዕለት ጠዋት የአውቶቡሱን ቁልፍ አስረክቦ መምጣቱ ነበር። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ አንዲት ዶሮ አልገጨሁም» አለኝ። «በመጨረሻ የራሴ ሳንባ ገጨኝ።»

«ተው እስቲ ቀልድህን!» አለች ባለቤቱ።

«ልቀልድ እንጂ! ቢያመኝ እኮ ደግ ነበር። ምኔንም አያመኝም። ደረጃ ስንወጣ ጥያት ነው የምሄደው፣ ጠይቂያት።»

ሲዲውን ባለቤቱ አሰብ አድርጋ አስታወሰችው። «ያ የሚያብረቀርቀው ነው?» ብላ ወደ ጓሮ ይዛኝ ዞረች።

ቲማቲሙን ወፍ እንዳይበላው ሦስት ሲዲ በገመድ አንጠልጥላለች። ንፋሱ ያሽከረክራቸዋል። «ሁለቱ የዘፈን ናቸው፣ አንደኛው የሱ ነው። ካቻምና ከወፎቹ በቀር ማን ያየዋል ብዬ ነው የሰቀልኩት» አለች፣ እንደማፈር ብላ። አንዱ ላይ የሆስፒታላችን ማኅተም ግማሹ ቀርቷል። ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበታል፤ ፊቱ በጭረት ተተልትሏል።

ስወጣ እስከ መንገዱ ተከተለችኝ። «እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጆቼ ሩቅ ናቸው። ልጥራቸው ወይስ ልተው?»

«ጥቂት ቀን ይታገሱኝ» ብቻ አልኳት። እኔን! ስሜን እንኳ ሳትጠይቀኝ «እሺ» አለችኝ።


ሐሙስ 13

አይከፈትም። የቢሮው ኮምፒውተር «ባዶ ነው» ይላል። የአትተንፍስም እንደዚያው። ከመንገድ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ዓይቶት ሳቀ፤ «ይሄ ሲዲ ነው ወይስ የድስት ክዳን?»

ከእራት በፊት አባባ ከእጄ ወሰደው። መነጽሩን አደረገ፣ ለስላሳ ጨርቅ አረጠበ፣ የጥርስ ሳሙና ነካ አደረገበት፣ ከመሃል ወደ ውጭ ቀጥ ቀጥ እያደረገ ያሸው ጀመር። «በክብ ካሸሽው ጭረቱን ታረዝሚዋለሽ» አለኝ። ሰዓት ያሳመረ እጁ አሁንም አይንቀጠቀጥም።

«የማን ነው?»

«የሥራ ነው።»

«አንቺስ ምን ሆነሽ ነው?»

ያልሰማሁ መሰልኩ። በዚህ ቤት ያልሰማ የሚመስለው እሱ ነበር።


ዓርብ 14

ቀዶ ሕክምናው ወደ ሰኞ 17 መጣ። ተራ ተከፍቷል ተባለ። ሦስት ቀን።

ሲዲው መነበብ ጀመረ! ስልሳ በመቶ ላይ ቆመ።

እንደገና። ስልሳ አንድ።

እንደገና። ሃምሳ ስምንት። አባባ፣ እባክህ አንድ ጊዜ እሸው።

ስልሳ ስድስት። ከዚህ አያልፍም። ያለውን ገለበጥኩ።


ቅዳሜ 15

ከንጋት ጀምሮ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። እንዳልረሳው በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሲዲው ላይ ያለው ፎቶ የተጨመቀው በመጀመሪያው መንገድ ነው፣ «ሁለት መቶ ጥቁር» በሚለው። ስለዚህ ምንም አልተጣለበትም። ከላይ ጀምሮ ረድፍ በረድፍ ይፈታል። አንገቱ ወጣ፣ ትከሻው ወጣ፣ የአንገቱ አጥንት ጥርት ብሎ ወጣ። ከሦስተኛው የጎን አጥንት ላይ ግን ጭረቱ ደረሰና ፎቶው እንደተቀደደ ወረቀት ወደ ጎን ሸሸ። በዚህ መንገድ የተጨመቀ ነገር ችግሩ ይሄ ነው፤ አንዲት ቆጠራ ከጠፋች ከሷ በኋላ ያለው ሁሉ ቦታውን ይስታል። ነቁጡ ይገኛል የተባለው ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው።

ግን ቦታውን ሳተ እንጂ አልጠፋም! ከሰውየው አካል ውጭ ያለው ጠርዝ ጥቁር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ረድፍ በረጅም ጥቁር ይጀምራል፣ የረድፎቹም ርዝመት እኩል ነው። ረጅሙን ጥቁር እየፈለግኩ፣ «እዚህ ይጀምራል» እያልኩ፣ እያንዳንዱን ረድፍ በእጄ ወደ ቦታው መለስኩ። ሁለት መቶ አስራ አራት ረድፍ። አስራ አንዱ ጨርሶ አልተነበቡም። እነሱን ግራጫ አድርጌ ተውኳቸው። በግምት አልሞላኋቸውም። ግምት በቅቶኛል።

ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት አካባቢ የጎን አጥንቶቹ ገጠሙ። በሦስተኛውና በአራተኛው መሃል፣ በጭጋግ ውስጥ እንዳለ አምፖል ፈዘዝ ብሎ፣ አለ። ለካሁት። ዘጠኝ ሚሊሜትር።

የዛሬ ሁለት ዓመትም ዘጠኝ ነበር።

ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አባባ ውሃ በብርጭቆ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ምንም ሳይጠይቀኝ ተመለሰ።


እሑድ 16

ሐኪሟ ተረኛ ነበረች። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጥኩላት። ሦስት ጊዜ ለካች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠች።

«አልተለወጠም። ሁለት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። የድሮ ጠባሳ ነው የሚሆነው፤ በየስድስት ወሩ እያነሳን እናየዋለን። ነገ አይከፈትም።» ስልኳን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «ቆይ፣ ታዲያ የኛ ማህደር ላይ ያለው እንዴት ንጹሕ ሆነ?»

ሁሉንም ለመናገር በሩ ተከፍቶልኝ ነበር።

«የኛው… ጥራቱ ትንሽ ወርዷል» አልኩ።

«ትንሽ?»

ስልኳ ጮኸ። ከድንገተኛ ክፍል ነው። እየሮጠች ስትወጣ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጋ፣ «የሰው ደረት አተረፍሽ» አለችኝ።


ማክሰኞ 18

ሹፌሩና ባለቤቱ መጡ። ቲማቲም በዘንቢል ይዘውልኛል። እሷ አቅፋ አልለቅም አለችኝ፤ ልጆቿን ሳትጠራ በመቅረቷ ደጋግማ ታመሰግነኛለች። እሱ ቁልፉን ተቀብሏል። «ነገ ከአውቶቡሱ ጋ እንታረቃለን» አለኝ።

አትተንፍስ ኋላ ላይ ጎተት አድርጎኝ፣ «በቃ፣ ተገላገልሽ። አሁን አፍሽን እንዳትከፍቺ፤ አንቺም ትባረሪያለሽ፣ እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ እባላለሁ» አለ።

ቲማቲሙን አባባ በላው። እኔ አልነካሁትም።


ሐሙስ 20

ሃያ አንድ።

ነገ እጽፈዋለሁ።


ዓርብ 21፣ ገና ሳይነጋጋ

እጽፈዋለሁ።

የዛሬ ሦስት ወር ለሐኪሞቹ የሚታዩትን ሃያ ፎቶዎች በዕጣ አወጣሁ። ሰባተኛዋ ላይ፣ ከመጨመቋ በፊት፣ ግራ ሳንባ ላይ ትንሽ ነቁጥ ነበር። ስድስት ሚሊሜትር። ከተጨመቀች በኋላ አልነበረም። ዓይኔን አሽቼ ደግሜ አየሁ። አልነበረም።

«አቧራ ይሆናል» አልኩ። ሳንባ ውስጥ አቧራ! ፎቶዋን አወጣሁና ሌላ ዕጣ ጎተትኩ። ሃያው ሃያ ሆነ። ሐኪሞቹ ፈረሙ። ያቺ የጣልኳት ፎቶ ሃያ አንደኛዋ ናት።

ያን ጊዜ አላሰብኩበትም ልል ነበር። አስቤበታለሁ። በሃያ ከተጨመቀ ቦታው አይበቃም፣ ቦታው ካልበቃ ማሽኑ አይገባም፣ «ልጅቷ አልቻለችም» ይባላል ብዬ አስቤያለሁ። ዋናዎቹ እስከተሰረዙባት ዓርብ ድረስ ከሁለት ወር በላይ ጊዜ ነበረኝ። የሹፌሩ ነገር ሲነሳ ክው ያልኩት ስላልጠበቅሁት አይደለም፣ ስጠብቀው ስለነበር ነው።

ይህንኑ በደብዳቤ ጻፍኩ፤ አንዱን ለሐኪሟ፣ አንዱን ለሥራ አስኪያጇ። ለአባባ አነበብኩለት፣ ጮክ ብዬ፣ ሁለቴ። ሬዲዮውን ዘጋ።

«መቼ ትሰጫለሽ?»

«ዛሬ።»

«እንግዲያው ተነሺ፣ አውቶቡስ ያመልጥሻል።»


ሰኞ 24

ሦስታችን ነበርን። ሥራ አስኪያጇ ፊቷ አመድ መስሏል። «ሐኪሞች የፈረሙበት ነገር ነው፤ በውስጥ እንያዘው፣ ወሬው ከወጣ ማን ይመጣልናል?» ትላለች። ሐኪሟ አንድም ጊዜ ወደሷ አልዞረችም። እኔን ብቻ ነው የምታየኝ።

«ሃያ አንደኛዋ ማን ናት?»

ቁጥሯን በቃሌ ነገርኳት። ልረሳው ሞክሬ ነበር። «ለሥራ የጤና ምርመራ የተነሳች ሴት ናት። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ። አርባ አራት ዓመቷ ነበር።»

«ሪፖርት?»

«የለም። ማኅተም ብቻ ነው።»

«ስለዚህ ያንን ነቁጥ ከሰው ልጅ መካከል ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«አዎ።»

«ሴትየዋም አታውቅም።»

«አታውቅም።»

ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ታዲያ እዚህ ምን ተቀምጠሻል? ሂጂና ፈልጊያት!»

ከማህደሩ ሥራ ተነስቻለሁ፤ ቅጣቱ ወደፊት ይወሰናል ተብሏል። ከተጨመቁት ውስጥ የሐኪም ሪፖርት የሌላቸው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ተጠርተው እንደገና ይነሳሉ፤ የተፈጠረውም ይነገራቸዋል። ሐኪሟ ናት በዚህ የጸናችው። ስልክ የምደውለው እኔ ነኝ። አትተንፍስ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። «ቅዳሜና እሑድም እገባለሁ በያቸው» አለና ሄደ።


ረቡዕ 26

የስልክ ቁጥሯ አይሠራም። ያስመረመራት መሥሪያ ቤት «ለቃለች» አለኝ። አብራት ትሠራ የነበረች ሴት ወደ አንድ ሆቴል መራችኝ።

ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እንፋሎቱ ዓይን ያሳውራል። አጭር፣ ክንደ ብርቱ ሴት ናት፤ ብቻዋን ትልቅ አንሶላ ታጥፋለች። ሰላም ብያት ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ከዚያ ሁሉንም፣ እንደቆምኩ። ቃል አላሳመርኩም።

አንሶላውን ጫፍ ከጫፍ አጋጥማ አጠፈች። «አንቺ ነሽ ያየሽው?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«የዛሬ ሦስት ወር።»

እንደገና አጠፈችው። «ሦስት ወር ሙሉ አውቀሽ ዝም አልሽ?»

«እርግጠኛ አልነበርኩም» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። «አዎ» አልኳት።

አንሶላውን ክምሩ ላይ አስቀምጣ ሌላ አነሳች። ማሽኖቹ ይዞራሉ። በመጨረሻ፣ «ከሁለት ወር ወዲህ አንዳንድ ጠዋት ምራቄ ደም ይነካዋል» አለች። «የእንፋሎቱ ነው እያልኩ ነበር።»

ነገ ትመጣለች። ሐኪም ቤት ልሸኛት ብላት፣ «መንገዱን አውቀዋለሁ» አለችኝ።


ሐሙስ 27፣ ከራጅ ክፍሉ ውጭ፣ አግዳሚው ላይ

በሰዓቷ መጣች። ሰላምታዬን አልመለሰችም። በሩ ጋ ስትደርስ የእጅ ቦርሳዋን አውልቃ ጭኔ ላይ ጣለችው። «ያዢ» አለች፣ ገባች።

ከውስጥ የአትተንፍስ ድምፅ ተሰማ። «ሳቡ…» እኔም ሳብኩ። «አትተንፍሱ!»

ከሰዓት በኋላ የተጻፈ፦ ስድስት የነበረው አስራ ዘጠኝ ሆኗል። ሐኪሟ ነገሩን ለእሷም ለእኔም እኩል፣ ሳታለሰልስ ነገረችን። «ገና ከሳንባው የወጣ አይመስለኝም። ይቆረጣል። ከአንድ ሳምንት በላይ ግን አልጠብቅም።»

ሴትየዋ ቦርሳዋን ከእጄ ወስዳ ወጣች።


አዲስ ወር፣ ዓርብ 5

ትናንት ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት። አራት ሰዓት ፈጀ። ሐኪሟ ጭምብሏን ሳታወልቅ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ፣ «ወጥቷል» አለች። «አጠገቡ ያሉትን ዕጢዎች አይቻቸዋለሁ፤ ንጹሕ ይመስላሉ። የላቦራቶሪውን ውጤት እንጠብቃለን። ሁለት ወር ዘግይታ ብትመጣ ኖሮ ግን አልነካትም ነበር።» ሦስት ወር የሚለውን ሁለታችንም አሰብነው መሰለኝ። አላነሳችውም።

ዛሬ ጠዋት ልጠይቃት ገባሁ። እህቷ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ማን እንደሆንኩ ስታውቅ ተነስታ ወደ መስኮቱ ዞረች። በሽተኛዋ ከንፈሯ ደርቋል፣ ከጎኗ ቱቦ ወጥቷል፣ ዓይኗ ግን ንቁ ነው።

«ይቅርታ» አልኳት። ካለፍኩበት ሁሉ በላይ የከበደኝ እሱ ነበር፤ ስናገረው ደግሞ ምንም ያህል አልመሰለኝም።

አላየችኝም። ጣሪያውን እያየች፣ በየቃሉ እየተነፈሰች፣ «ስልክ ትደውያለሽ አሉኝ» አለች።

«አዎ።»

«ስንት ሰው ቀረሽ?»

«ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት።»

አሁን ወደኔ ዞረች። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ወጥቼ ወደ ስልኩ ሄድኩ።